ይመታል፣ አይያዝም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ጅማ ነው የምኖረው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ አምና ሲመጣ ስድስት ስፒነርቤይት፣ አንድ ዘንግና አንድ ጥቅል የተጎነጎነ ክር አመጣልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሰንዳቦ እየወረድኩ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ እወረውራለሁ። አሳው ይመታል። እጄ ላይ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። ወዲያው በኃይል መንጭቄ እስባለሁ። ከአስር ምት ሁለት ቢያዝልኝ ነው። ከተያዘውም ግማሹ ዳር ሳይደርስ ያመልጣል። ወንድሜ ‹እኛ ጋ ባስ የምንይዘው በዚሁ ነው› ይላል። በሚመጣው ዓመት እኔም እሱ ጋ ልሄድ ነው፤ እዚያ ሄጄ እንዳላፍር ብዬ ነው። ችግሩ የእጄ ነው ወይስ የዕቃው? ቢነግሩኝ።»

የእጅህ ነው። ዕቃውም ትንሽ አለበት፤ ግን ከእጅህ እንጀምር።

መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። «ወዲያው በኃይል መንጭቄ» ያልካት ላይ ነው ያለው። አሳው አልሳተም። አንተ ነህ ከአፉ የምትነጥቀው።

ስፒነርቤይት፣ ማለትም የታጠፈ ሽቦ አንዱ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር የብረት ቅጠል፣ ሌላው ጫፍ ላይ መንጠቆ ያለው ማባበያ፣ ለባስ የተሠራ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ባስ ላውራህ። ባስ ስል የመናኸሪያውን አይደለም። አፈ ሰፊ፣ አረንጓዴ ቢጤ አሳ ነው። አገሩ ሰሜን አሜሪካ፣ ምሥራቁ በኩል ነው። ጊቤ ውስጥ የለም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ግን አለ፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ አምጥተው ነው የጨመሩት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ባስ የያዝኩት እዚያ ነው። አሜሪካኖች ለዚህ አሳ ያላቸው ፍቅር ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጅ ፔሪ የሚባል ሰው ጆርጂያ ውስጥ ከ10 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል ባስ ያዘ። ክብረ ወሰኑ 77 ዓመት ሳይነካ ቆየ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ ያንኑ የሚያክል አወጣና እኩል ለእኩል ተመዘገቡ። ወንድምህ ጋ ስትደርስ ይህን ካወራህ ግማሽ መንገድ ሄደሃል።

ወደ ጉዳያችን። ባስ ማባበያውን እንደ ውሻ አይነክስም። ፉት ነው የሚለው። ትኩስ ቡና ስትጠጣ ስኒውን ወደ ከንፈርህ አስጠግተህ ከነአየሩ ፉት እንደምትለው ማለት ነው። አፉን ድንገት ይከፍታል። የስንጥቡ ክዳን ወደ ጎን ይለጠጣል። ውሃው ከነማባበያው ወደ ውስጥ ይሳባል። ዓይንህን እስክትጨፍን ያልቃል።

አሁን ያንተን ዕቃ አስበው። ማባበያው የታሰረው በተወጠረ ክር ነው። ክሩ አይለጠጥም። ዘንጉም፣ እንደጠረጠርኩት ከሆነ፣ እንደ ዱላ ደረቅ ነው። አሳው ሲስብ ማባበያው ወደ አፉ የሚሄድበት ትርፍ ክር የለም። ስለዚህ ግማሹ ብቻ ይገባል። አንተ ያን ጊዜ ነው ጠቅ ሲል የሚሰማህ። ትመነጭቃለህ። ሰውየው ቡናውን ፉት ሊል ሲል ስኒውን ነጠቅከው።

እኔ ይህ የገባኝ ጎጀብ ላይ ነው፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ድልድዩን አለፍ ብሎ። ታኅሣሥ ነበር፣ ውሃው ጠርቶ። እኔ አዲስ ውድ ዘንግ ይዣለሁ፣ ክሬም የተጎነጎነ። ጓደኛዬ ደግሞ እንደ ሸንበቆ የሚተጣጠፍ የድሮ ፋይበር ዘንግ ይዟል። ጠዋት ስንነሳ በዘንጉ ስቄበታለሁ። እስከ ምሳ ድረስ እሱ አምስት አወጣ። እኔ አንድ። ማባበያችን አንድ ዓይነት ነው። የሚመታኝ አሳ ቁጥርም ከእሱ አያንስም። ዳቦ እየበላን «እስቲ ዘንግ እንቀያየር» አልኩት። ተቀያየርን። ከምሳ በኋላ እኔ መያዝ ጀመርኩ፣ እሱ መሳደብ ጀመረ። ያ የድሮ ዘንግ አሳው ሲመታ ጎንበስ ይልና ማባበያውን ለአፍታ ይለቅለታል። እኔን ያዳነኝ ያቺ አፍታ ናት። ዘንጉን እስከ ማታ አልመለስኩለትም።

ስለዚህ ዘንግህን ፈትን። ቤት ውስጥ ጫፉን ኮርኒስ ላይ አስደግፈህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ግፋው። ጫፉ ስንዝር ያህል ብቻ ታጥፎ ሌላው ቀጥ ካለ ለስፒነርቤይት ደረቅ ነው። ከግማሹ ጀምሮ ጎበጥ ካለ ጥሩ ነው። ስትፈትን ኮርኒሱ የአከራይህ መሆኑን እንዳትረሳ።

ወንድምህ ያመጣው ክር መጥፎ አይደለም። ሣርና ጭቃ ውስጥ ለሚያጠምድ እሱን የሚያህል የለም። ለዚህ ሥራ ግን እኔ ተራውን ናይለን እመርጣለሁ፤ 6 ወይም 7 ኪሎ የሚሸከመውን። ናይለን ይለጠጣል። ያች መለጠጥ ለአሳው ፋታ ትሰጠዋለች፣ ላንተ መቸኮልም ይቅርታ ታደርግልሃለች። ዘንግ መግዛት ካልቻልክ ክሩን ቀይር። ክሩንም ዘንጉንም መቀየር ካልቻልክ እጅህን ቀይር፤ እሱ በነፃ ነው።

እጅ የሚቀየረው እንዲህ ነው። ስትጠመጥም ዘንጉን ቀጥታ ወደ ማባበያው አታነጣጥር። ቀጥታ ካነጣጠርክ ዘንጉ ከሥራ ውጭ ነው፤ አሳው የሚስበው ከመጠምጠሚያው ጋር ነው። ወደ ጎን ዘወር አድርገው፣ ጫፉም ዝቅ ይበል። ጠቅ ሲልህ ምንም አታድርግ። መጠምጠምህን ብቻ ቀጥል። አታፍጥን፣ አታቁም። ክሩ ላይ ክብደት እስኪመጣ ጠብቅ። ክብደት ስልህ፣ ማባበያው ከረጢት እንደያዘ የሚከብድበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ዘንጉን ወደ ጎን ጠረግ አድርገው። ወደ ላይ አትመንጭቅ። በር ቀስ ብለህ ግን አጥብቀህ እንደምትዘጋው አድርገህ፣ ከወገብህ ዞር ብለህ።

የማስተምራቸው ልጆች መጠበቁ ያቅታቸዋል። ስለዚህ ጠቅ ሲል በልባቸው አንድ ነገር እንዲሉ አድርጌያለሁ። ግማሾቹ ቢስሚላህ፣ ግማሾቹ በስመ አብ ይላሉ። ሁለቱም ርዝመታቸው ልክ ነው። አንዱ ልጅ ጸሎቱን እስከ አሜን አድርሶት አሳው ጉቶ ሥር ገብቶበታል፤ እንደዚያ ደግሞ አይደለም።

በቪዲዮ የምታያቸው ሰዎች ሲመታቸው ዘንጉን ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፉት ብዙ ጊዜ በሌላ ዓይነት ማባበያ ነው፤ መንጠቆው ፕላስቲክ ትል ውስጥ ተደብቆ የሚወረወረው። እሱ ላይ መንጠቆው መጀመሪያ ፕላስቲኩን መብሳት አለበት። ስፒነርቤይት ላይ መንጠቆው ገላጣ ነው። ጉልበቱ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ግልገል ጊቤ እንምጣ። ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ላንተ ቁም ነገሩ ግን ውሃ ውስጥ ያለው ነው። ቆሮሶ አለ፤ ቆሮሶ ግን ስፒነርቤይት ብዙም አያሳድድም። አንተን የሚመታህ ቢልጫ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ቢልጫ ከባስ ጋር ዝምድና የለውም። ፈረንጆቹ ካርፕ የሚሉት የዱባ አሳ ወገን ነው። መንጋጋው ላይ አንዲት ጥርስ የለችውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጣትህን ከንፈሩ ውስጥ ብትከት ድድ ብቻ ነው የምትነካው። አፉ እንደ ቱቦ ወደ ፊትና ወደ ታች ይዘረጋል። እሱም ስቦ ነው የሚበላው። ግን አፉ ከባስ አፍ በጣም ያንሳል። ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እጽዋት፣ ያገኘውን ይበላል። ሲያድግ ትናንሽ አሳም ያባርራል። ጣና ላይ እኮ ከ15ቱ የቢልጫ ዝርያዎች ስምንቱ አሳ በል ናቸው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ነገር ማባረሩ አይግረምህ።

እዚህ ላይ ነው ዕቃህም ጥፋት ያለበት። የባስ ስፒነርቤይት መንጠቆው የሌባ ጣት የሚያህል ነው። ዙሪያው የላስቲክ ዘርፍ አለው። ዘርፉ ከመንጠቆው አልፎ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይንጠለጠላል። ባስ ሁሉንም በአንድ ፉት ይሰበስበዋል። ቢልጫ ግን የዘርፉን ጫፍ ይይዛል። ጠቅ። አንተ ትስባለህ። ላስቲክ ከከንፈሩ ይንሸራተታል። መንጠቆው ጋ አልደረሰም እኮ።

መፍትሔው መቀስ ነው። ማባበያውን በመንጠቆው ያዝና ዘርፉ ወደ ታች እንዲወርድ አድርግ። ከመንጠቆው ጉብጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ አሳልፈህ ቁረጠው። እንደ ፀጉር አስተካካይ እኩል አታድርገው። ጥቂቱን አጠር፣ ጥቂቱን ረዘም። እኩል የተቆረጠ ዘርፍ ውሃ ውስጥ ደረቅ ብሎ ይቀራል፤ የተበላለጠው ይንቀሳቀሳል። ከስድስቱ ውስጥ 7 ግራም ያለው ካለህ እሱን አስቀድም። 14 ግራሙን ለአሜሪካ አቆየው።

ከዚያ በኋላም እየመታ ካመለጠ ተሳቢ ጨምር። አዎ፣ እንደ መኪናው ተሳቢ። ትልቁ መንጠቆ ላይ ሌላ ትንሽ መንጠቆ ከኋላ ይታሰራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለበቱ ሰፋ ያለ መንጠቆ ፈልግ። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ታገኛለህ፤ ከእሱ የጥፍርህን ያህል ቁረጥ። ቱቦዋን የትንሹ መንጠቆ ቀለበት ላይ አጥልቅ። ከዚያ የትልቁን መንጠቆ ጫፍ በቱቦውና በቀለበቱ መሃል አሳልፈህ እስከ ጉብጡ ግፋው። ቱቦው ጨብጦ ይይዘዋል፣ ወዲያ ወዲህ አይልም። የሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ይይ። ክፍት ውሃ ላይ ተአምር ይሠራል። ጉቶና ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ ግን አውልቀው። ያለዚያ ከአሳው ይልቅ እንጨት ነው የምታወጣ።

መንጠቆህን ፈትሸህ ታውቃለህ? ብዙ ሰው አዲስ ስለሆነ ስለታም ነው ብሎ ያምናል። ጫፉን አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ አስቀምጠህ ሳትጫን ጎትት። ከተንሸራተተ ደንዟል። ነከስ አድርጎ ከቆመ ጥሩ ነው። የስፒነርቤይት መንጠቆ ወፍራም ስለሆነ ከቀጭኑ ይልቅ ሞረድ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ዳርና ዳሩን ሞርደው፣ ከዚያ በላይ አታጥፋው። ድንጋይ በነካ ቁጥር እንደገና ጥፍርህ ላይ ሞክረው። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ እሞክራለሁ። አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ያለውን መስመር አይተህ ሥራዬን ትገምታለህ።

ሌላ ስህተት እንዳለብህ እጠረጥራለሁ፤ ዕቃህን ሳላይ ግን አልምልም። ክሩን የምታስረው በክሊፕ ከሆነ አውልቀው። ስፒነርቤይት ሽቦው መሃል ላይ ታጥፎ ክር የሚታሰርባት ቦታ አለች። ብዙዎቹ ላይ ያች መታጠፊያ ክፍት ናት። ክሊፕ ከዚያ ይወጣና በሽቦው ላይ ወደ ቅጠሉ ይንሸራተታል። ማባበያው ይዛባል፣ ተገልብጦ ይመጣል፣ መንጠቆው ወደ ጎን ያያል። አሳው ይመታል፤ የሚያገኘው ሽቦ ነው። ክሩን ራሱን እዚያች መታጠፊያ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ከዚያ ከዳር አንድ ሜትር በሚያህል ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ጎትተህ እየው። ቅጠሉ ከላይ፣ መንጠቆው ከታች፣ ሁለቱ ሽቦዎች ከመንጠቆው ጋር በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ካጋደለ ሽቦውን በጣትህ አቃናው። አንድ ትልቅ አሳ ከያዝክ በኋላ ደግሞ ሽቦው ይጣመማል፤ እንደገና አቃና።

ስለ ቅጠሉ ብዙ ይወራል። ባጭሩ ክቡ ቅጠል ውሃውን በጣም ያንቀጠቅጣል፣ ቀስ ተብሎም ይጎተታል፤ ክረምት ላይ ጊቤ ቡና በወተት ሲመስል እሱን። ረጅሙና ሾጣጣው ብልጭታው ይበዛል፣ ፍጥነት ይወዳል፤ ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲጠራ እሱን። አሳ እየተከተለ ካልመታ ወይም ነካ አድርጎ ከተወው ፍጥነትህን ቀይር። ሁለት ዙር ቶሎ ጠምጥም፣ ለቅጽበት ቁም፣ ቀጥል። ያች መቆም ላይ ነው የሚወስነው።

አሁን ዳር ሳይደርስ ስለሚያመልጥህ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱ ግን ያው ጥድፊያ ነው። ስፒነርቤይት ራሱ ከባድ ነው። አሳው ጭንቅላቱን ሲያራግፍ ክብደቱ እንደ መዶሻ ያገለግለዋል፤ መንጠቆውን እየወዘወዘ ቀዳዳውን ያሰፋል። ክሩ ለአፍታ ከላላ ተፍቶት ይሄዳል። ስለዚህ ክሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይላላ። ዘንጉ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይሁን። በተለይ ባስ ወደ ላይ መዝለል ይወዳል። ክሩ ወደ ላይ ሲሄድ ካየህ ሊዘል ነው፤ የዘንጉን ጫፍ ውሃው ውስጥ ክተተውና መጠምጠምህን ቀጥል። ቢልጫ አይዘልም፤ እሱ እንደ ጭነት መኪና ይጎትታል። ሲጎትት ይሂድ፣ ሲቆም ጠምጥም።

ይሂድ ለማለት ፍሬኑ የተስተካከለ መሆን አለበት። የመጠምጠሚያህን ፍሬን እስከ መጨረሻ አጥብቀህ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ ሁሉም ጀማሪ እንደዚያ ያደርጋል። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ክሩ ጫፍ ላይ እሰር። ሁለት ኪሎ ሆነልህ ማለት ነው። በዘንጉ ቀስ ብለህ አንሳው። ጠርሙሱ ከመሬት ለቀቅ ሊል ሲል ፍሬኑ ክር መልቀቅ ይጀምር። 7 ኪሎ ለሚሸከም ክር ይህ ልክ ነው። ክሩ ሲለቀቅ የሚሰማው ድምፅ መጀመሪያ ያስደነግጣል። በኋላ ትወደዋለህ።

ዳር ሲደርስ ክሩን በእጅህ ይዘህ ጭቃው ላይ አትጎትተው። ግማሹ የሚያመልጥህ እዚያ መሆን አለበት። አሳው መሬት ሲነካ ክብደቱ ሁሉ መንጠቆው ላይ ያርፋል፣ ደግሞም የመጨረሻውን ትግል ያን ጊዜ ያደርጋል። እጀታ ያለው መረብ ያዝ። የለህም እንበል፤ የቡና ማድረቂያ ሽቦ ቆርጠህ በእንጨት ቀለበት ላይ መስፋት ትችላለህ፤ እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩት እሱን ነው። መረቡን አስቀድመህ ውሃ ውስጥ አጥልቅና ዝም በል። አሳውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ አምጣው። መረቡን ወደ አሳው አታሯሩጥ፤ ከኋላ ከመጣህበት ይሸሻል።

ባስ ከሆነ መረብ ባይኖርም የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣትህ መያዝ ይቻላል። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ አይጎዳም። ከበድ ያለ ከሆነ በሌላው እጅህ ሆዱን ደግፈው። ቢልጫን ግን በከንፈሩ እይዛለሁ አትበል፤ ይንሸራተትና ይሄዳል።

በነገራችን ላይ፣ ከምሽት በፊት ውጣ። ጉማሬው ዳር የሚወጣበት ሰዓት ነው።

አሜሪካ ስትሄድ መጀመሪያ የምታደርገው የሄድክበትን ግዛት የማጥመጃ ፈቃድ መግዛት ነው። የወንድምህ ፈቃድ ላንተ አይሆንም። እዚያ 14 ግራሙን አውጣ፣ ዘርፉን አትቁረጥ፣ ቢስሚላህህን ወይም በስመ አብህን አትርሳ።

የዚህ ቅዳሜ ሁሉንም አንድ ላይ አትሞክር። ዘርፉን ቁረጥ፣ ጠቅ ሲልህ ጠብቅ፤ ሁለቱን ብቻ። ስንት መታህ፣ ስንት ያዝክ፣ መንጠቆው የት ላይ ተሰክቶ አገኘኸው፣ ከንፈሩ ዳር ነው ወይስ አፉ ውስጥ፣ ጻፍና ላክልኝ። ቀጣዩን ከዚያ እነግርሃለሁ። ደግሞ ስድስቱንም ይዘህ አትውረድ። ሁለት ይበቃሃል፤ ጉቶው ይበላቸዋል።